ለአንዱ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ፦ ሁለት ዋጋ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ገበያዎች ታሪክ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንዱ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያቀረቡልኝ ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። ስለ ታማኝነት ካስተማርሁበት የእሑድ ትምህርት በኋላ ወደ ጎን ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ አንድ ጣቃ ጨርቅ አለኝ እንበል። ለመንግሥት ሠራተኛ ዋጋ ስጠራ ብዙ አልጨምርም፤ ያውቀዋል። ከጄልዱ ወይም ከሌላ ገጠር ለመጣ ሰው ከፍ አድርጌ እጀምራለሁ፤ ተከራክሮ ያወርደዋል ብዬ ነው። ካላወረደው ግን እቀበላለሁ። ለዘመድ በመጣበት እሰጣለሁ። ለመጋቢያችን ከስሬም ቢሆን እሰጣለሁ። ማንንም አላስገደድሁም፤ ሁሉም ወዶ ከፍሎ ይሄዳል። ታዲያ ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?»

በዚያን ዕለት የመለስሁላቸው በምሳሌ 20፥10 ነበር። ሁለት ዓይነት ሚዛንና ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ መሆኑን ነገርኋቸው። ጋሼም በትሕትና፣ «ሜትሬ አንድ ነው፣ መምህር። ሁለት ሜትር የለኝም» አሉኝ። ዝም አልሁ።

ውድ አንባቢ፣ እናንተም በመንጋችሁ መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይቀርብላችሁ አይቀርም፤ ካልቀረበም የሚጠይቀው ሰው ፈርቶ ይሆናል። ያን ጊዜ ምን ማለት እንደ ነበረብኝ ለማወቅ ወደ ሁለት ነገሮች ተመለስሁ፦ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍትና ወደዚሁ አካባቢ የገበያ ታሪክ። ሁለተኛው ከጠበቅሁት በላይ አስተማረኝ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሜትሩ ጋሼ ልክ ነበሩ። ምሳሌ 20፥10 ሆነ ዘዳግም 25፥13-16 የሚናገሩት ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ መመዘኛ ድንጋይና ስለ መስፈሪያ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ትልቅና ትንሽ ድንጋይ የሚይዝ ነጋዴ ሲገዛ በከባዱ፣ ሲሸጥ በቀላሉ ይመዝናል። ገዢው የተስማማበትን ገንዘብ ይከፍላል፤ የተስማማበትን ያህል ዕቃ ግን አያገኝም። ይህ የታወቀ ስርቆት ነው። የዋጋ ልዩነት ሌላ ነገር ነው፤ እንዲያውም ሕጉ ራሱ አንዳንዴ ልዩነት እንዲደረግ ያዝዛል። በዘሌዋውያን 5 ስለ በደሉ በግ ማቅረብ ያልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት ርግብ፣ ያንንም ያጣ ጥቂት መልካም ዱቄት ያቀርባል። ለአንዱ ኃጢአት ሦስት ዋጋ መሆኑ ነው። ማርያምም በሉቃስ 2፥24 ያቀረበችው የድሆችን ዋጋ ነበር። በዘጸአት 30፥15 ግን ለነፍስ ቤዛ የሚሰጠው ግማሽ ሰቅል ባለጠጋው ሳይጨምር፣ ድሃውም ሳያጎድል እኩል የሚከፈል ነው። ቦዔዝ ለሩት ሲል አጫጆቹ ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት አዘዘ፤ በዚያ እርሻ ሌሎች ቃራሚዎች ከነበሩ እንዲህ አልተደረገላቸውም። ዘዳግም 23፥20 ደግሞ ከወንድም ወለድ እንዳይወሰድ ሲከለክል ከባዕድ መውሰድን ይፈቅዳል። ስለዚህ «ዋጋ ለሁሉም አንድ ካልሆነ ኃጢአት ነው» ብሎ የሚሰብክ ሰው በመጀመሪያ የሚጋጨው ከኦሪት ጋር ነው።

ሆኖም እነዚያን የሚዛን ክፍሎች በአጠገባቸው ካለው ቃል ጋር አንብቧቸው። በዘሌዋውያን 19፥35-36 ስለ እውነተኛ ሚዛንና መስፈሪያ የተሰጠው ትእዛዝ የሚመጣው በምድራችሁ የተቀመጠውን እንግዳ አታስጨንቁት፣ እንደ ራሳችሁም ውደዱት ከሚለው ቃል ቀጥሎ ነው። የዘዳግም 25 የሚዛን ሕግም እንዳለቀ ወዲያው የሚከተለው የአማሌቅ ነገር ነው፤ አማሌቅ እስራኤልን የመታው ደክመው ወደ ኋላ የቀሩትን በመለየት ነበር። እነዚህ ክፍሎች ጎን ለጎን የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሚዛን የሚሳሳተው በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ሰው ላይ ነው፤ አገሩ ባልሆነው፣ በደከመው፣ ከኋላ በቀረው ላይ።

ቁናውና ገማቹ

በአምቦ ዙሪያ ያለው የሜጫ ኦሮሞ ምድር በምኒልክ ዘመን በሸዋ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ እንደ ሌሎቹ የደቡብና የምዕራብ አገሮች መሬቱ በቃላድ እየተለካ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ተከፋፈለ፤ ለባላባቱም ሲሶ ተተወለት። ብዙ ገበሬ በአባቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ከምርቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ይሰጥ ነበር። በአንድ ሸንተረር ላይ ተጎራብተው የሚያርሱ ሁለት ሰዎች አንዱ አራተኛውን፣ ሌላው ግማሹን ሊያስረክቡ ይችሉ ነበር። ልዩነቱ በሬውና ዘሩ የማን እንደ ሆነ፣ ውሉ መቼ እንደ ተገባ፣ ጭሰኛውም መሄጃ እንዳለውና እንደሌለው ይወሰናል። ኪራይም ዋጋ ነውና ከወዲሁ ልብ በሉት፦ መሄጃ ያጣ ሰው የሚከፍለው ይበዛል።

በዚህ ላይ አሥራት አለ። አሥራት የሚወሰነው እህሉ ገና ማሳ ላይ ወይም አውድማ ላይ እያለ በገማች ነበር። ገማቹ ተቀብሎ ከተሸኘ ግምቱ ቀለል ይላል፤ ካልተስተናገደ ይከብዳል። እንደ ሕጉ ለሁሉም አንድ አሥረኛ የሆነው ነገር በአውድማው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ልዩ ልዩ ዋጋ ነበረው። ይህ የጋሼን ሱቅ አያስታውሳችሁም? ያለው አንድ ሜትር ነው፤ የሚጠራው ቁጥር ግን የሰውየውን ፊት አይቶ ነው።

የቁናው ታሪክ ከዚህ ይልቅ ከምሳሌ 20፥10 ጋር በቀጥታ ይገጥማል። ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ በአንዱ ገበያም ቢሆን አሰፋፈሩ ሌላ ዋጋ ነው። ነጋዴው ከገበሬው ሲገዛ እስኪቆለል ያሰፍራል፤ ሲሸጥ አፉን ጠርጎ ይሰፍራል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ የሜትሪክ ሥርዓት በሕግ ሲታወጅ አንዱ ዓላማ ይህን መዘበራረቅ ማስቀረት ነበር። ዛሬ ኩንታሉ በኪሎ ይመዘናል፤ ሆኖም ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር ወይም ወደ ጌዶ ገበያ ብትወጡ ጣሳውና መደቡ አሁንም በቦታቸው ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። ኩንታል ጤፍ የሚገዛ ሰው በኪሎ ሲሰላ የሚከፍለው ያንሳል፤ በጣሳ የምትገዛው የቀን ሠራተኛ ለዚያው ጤፍ በኪሎ የምትከፍለው ይበልጣል። ነጋዴው አላታለላትም፤ ከፋፍሎ መሸጥ ድካም አለው፤ ሕግም አይከለክለውም። ነገር ግን ስለ ፍትሐዊ ዋጋ ስንሰብክ ከገጠሬው ክርክር ይልቅ ይህ የዘወትር ልዩነት በብዙ ድሆች ላይ ይደርሳል። እኛም ብዙ ጊዜ አናየውም፤ ደመወዝ ስንቀበል የምንገዛው በኩንታል ነዋ።

አንድ ጤፍ፣ ሦስት ዋጋ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ እርቦውም ሲሶውም ቀረ። በአምቦ ዙሪያ ላለ ጭሰኛ ይህ ከባድ ቀንበር የወረደበት ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስንናገር ይህን መርሳት የለብንም። ጥቂት ቆይቶ ግን መንግሥት የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽንን አቋቋመ፤ የኮታ ሥርዓትም መጣ። እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር የሚያስረክበው እህል ተወስኖ ይነገረዋል፤ ማኅበሩም ለአባወራዎች ያከፋፍላል። ዋጋው ከላይ የተቆረጠ ነው፤ በነጻ ገበያው ላይ ያለው ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ የኮታው ዋጋ ለዓመታት ብዙም አልተነቃነቀም። ነጋዴውም ከሚገዛው እህል የተወሰነውን ድርሻ በዚያው ቁርጥ ዋጋ ለኮርፖሬሽኑ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። እህል እንደ ልብ እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ኬላ ቆመ።

ለርእሳችን ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ኮርፖሬሽኑ ለአንድ ዓይነት እህል የሚከፍለው ዋጋ አንድ አልነበረም። ዝቅተኛው ዋጋ የግል ገበሬው ነው። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከእርሱ ከፍ ያለ ያገኛሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ለመንግሥት እርሻዎች የሚከፈለው ነበር፤ እነርሱም እንዲያ ሆኖ በኪሳራ ይሠሩ ነበር። ምክንያቱ የፖሊሲ ነበር፤ ገበሬው ወደ ማኅበር እንዲገባ ዋጋው ራሱ እንዲገፋው ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ የከተማው ነዋሪ በቀበሌው ሱቅ በኩል በቁርጥ ዋጋ እህል ይገዛል። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለኮርፖሬሽኑ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር፤ በውድ ገዝቶ በርካሽ መሸጥ! በየትኛውም የነጋዴ ስሌት የማይገባ ንግድ ነው። ለራሱ የሚበላው ሲጎድለው ግን በቀበሌው ዋጋ የሚገዛበት ካርድ አልነበረውም።

ይህን ሥርዓት በምሳሌ 20፥10 መዝኑት። ኪሎው ለሁሉም አንድ ነበር። ዋጋው በግልጽ የተነገረ ነበር። የተደበቀ ድንጋይ የለም፤ የሐሰት ክርክር የለም፤ ፊት አይቶ ዋጋ መጥራት የለም። ሁሉም በሕግ የሆነ ነው። የጋሼ ሱቅ የጎደለው ሁሉ በዚህ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ማን ከፈለ? በሦስቱ ዋጋዎች መጨረሻ ላይ የቆመው፣ ከኮታው መሸሽ የማይችለውና በዋጋው ላይ ቃል የሌለው የግል ገበሬ ነው። ግልጽነት ብቻውን ፍትሕ እንዳልሆነ እኔ የተማርሁት ከዚህ ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። ስለዚያ ዘመን ያነበብኋቸው የአብያተ ክርስቲያናችን ታሪኮች ስለ ተዘጉ ጸሎት ቤቶች፣ ስለ ታሰሩ አገልጋዮች፣ በ1971 ዓ.ም. ስለ ተገደሉት ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ይተርካሉ፤ ሊተርኩም ይገባል። ስለ ኮታው እህል ግን ጥቂት ነው የሚሉት። በአንድ ጉባኤ ውስጥ ግን ሁለቱም ነበሩ፦ በቀበሌ ሰልፍ ቆሞ በቁርጥ ዋጋ የሚገዛው የከተማ ምእመን፣ ያንኑ እህል በቁርጥ ዋጋ ያስረከበውም የገጠር ምእመን። ስደቱ ሁለቱን አንድ አድርጓቸው ነበር፤ ዋጋው ግን ለያይቷቸዋል። ይህን የሚያስታውሱ አረጋውያን በየጉባኤያችን ዛሬም አሉ። በሴሚናሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ብትጠይቋቸው መልካም ነው።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ተነሣ፤ የእህል ንግድም ተለቀቀ። ገበሬው ወደ ክርክሩ ገበያ ተመለሰ። ይህም የራሱ ፈተና አለው። ማለዳ ተነሥቶ ረጅም መንገድ በእግሩ የመጣ ሰው ከመምሸቱ በፊት መመለስ አለበት፤ ጨውና ጋዝ ሳይገዛም አይመለስም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢው መታገሥ ይችላል፣ ሻጩ አይችልም። እዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ሚኒስትር የለም፤ ድካም ነው የሚቆርጠው። ዘዳግም 25፥17-18ን እዚህ ገበያ ውስጥ ቆማችሁ አንብቡት።

ሕጉ ምን ይላል?

ጋሼ የጠየቁኝ ስለ ኃጢአት ነው፤ ሆኖም መጋቢ የአገሩን ሕግ ሳያውቅ ቢመክር ምእመኑን ሊያስት ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710 ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ አንድ ውል ከአንዱ ወገን ይልቅ ሌላውን እጅግ ይጠቅማል ተብሎ ብቻ አይፈርስም። ተከራክሮ የገዛና የተጎዳ ሰው ሁሉ ዳኛ ዘንድ ቢሄድ ገበያ አይኖርምና ይህ ተገቢ ነው። ሁለተኛ ግን የተጎዳው ሰው የተስማማው ሌላው ወገን በችግሩ፣ በየዋህነቱ፣ በእርጅናው ወይም በግልጽ በሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱ ተጠቅሞበት እንደ ሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ይህን ሁለተኛ ክፍል በዝግታ አንብቡት። «ወዶ ከፍሎ ሄደ» የሚለው የጋሼ መከላከያ በሕጉ ፊት በቂ አይደለም፤ ሕጉ የሚጠይቀው እንዴት ወደደ? ብሎ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ከተለጠፈው በላይ መሸጥንም ይከለክላል። በደንበኞች መካከል በዋጋ ልዩነት ማድረግን በስሙ ጠርቶ የሚከለክለው በገበያው ላይ የበላይነት ያለው ነጋዴ ውድድርን ለመጉዳት ሲያደርገው ነው። የአንድ ጨርቅ ሻጭ ከዚህ ውጭ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ብቸኛ አቅራቢ የሆነ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልለትም። ባጭሩ፣ ክርክር ወንጀል አይደለም፤ ቅናሽም ወንጀል አይደለም፤ የለጠፉትን ትቶ በላይ መጠየቅ ግን ጥፋት ነው። የተለጠፈ ዋጋ ከሌለ በላይና በታች አይታወቅም። በብዙ ከተሞቻችን ወረቀቱ የሚሰቀለው ተቆጣጣሪ ሲመጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

መንግሥትም ራሱ ሁለት ዋጋ ይጠራል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የውጭ ጎብኚ ለዓመታት 50 ዶላር ሲከፍል የአገር ልጅ እንዲህ አልተጠየቀም። የኤሌክትሪክ ታሪፉም እንዲሁ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በተሻሻለው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤት ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከሁሉ ያነሰ ነበር፤ አጠቃቀሙ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ይህኛው ከዘሌዋውያን 5 ጋር ይቀራረባል፦ ልዩነቱ የታወቀ ነው፣ ሸክሙም የሚያርፈው ሊሸከም በሚችለው ላይ ነው። በአምቦ ምንጭ የሚሞላውን የማዕድን ውኃ እንኳ ተመልከቱ፤ ያው ጠርሙስ በመንገድ ዳር ኪዮስክና በአዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል አንድ ዋጋ የለውም። የሚከሰስ ግን የለም፤ ሆቴሉ ወንበሩንና አስተናጋጁንም አብሮ ይሸጣል፣ ዋጋውም በዝርዝሩ ላይ ታትሟል።

ሉተርና ኩዌከሮች

ይህ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። ማርቲን ሉተር በ1524 እ.ኤ.አ. ስለ ንግድና ስለ አራጣ በጻፈው ጽሑፍ ከሁሉ በፊት የመታው ነጋዴዎች እንደ ወርቃማ ሕግ የያዙትን አባባል ነበር፦ ዕቃዬን የቻልሁትን ያህል አስወድጄ እሸጣለሁ የሚለውን። ሉተር እንደሚለው ይህ አባባል ለገሃነም በር ይከፍታል፤ የባልንጀራውን ችግር አይቶ ዋጋውን የሚጨምር ሰው ችግሩን ራሱን እየሸጠ ነውና። ዋጋ መቆረጥ ያለበት በዕቃው ወጪ፣ በነጋዴው ድካምና በሚጋፈጠው አደጋ እንጂ ገዢው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ተመዝኖ አይደለም። የሚቆርጠውም ማን ይሁን? ሉተር በመጀመሪያ የመረጠው መንግሥት አስተዋይና ታማኝ ሰዎች ሾሞ ዋጋ እንዲወስን ነበር፤ ወዲያው ግን እኛ ጀርመኖች በመጠጥና በጭፈራ ተይዘናልና ይህ አይሆንልንም ብሎ ይቀልዳል። የኮታውን ዘመን ያየ የአምቦ ገበሬ ይህን የሉተርን የመጀመሪያ ምርጫ ቢሰማ ምን ይል ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ሉተር ቀጥሎ የሚመክረው የገበያውን የተለመደ ዋጋ መከተልን ነው፤ ያም ከሌለ ነገሩን ለነጋዴው ኅሊና ይተወዋል።

በ17ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተነሡት ኩዌከሮች ከዚህ አልፈው ሄዱ። በጆርጅ ፎክስ መሪነት፣ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን የሚለውን የጌታን ትእዛዝ በሱቃቸው ውስጥ እንደ ቃሉ ወሰዱት። በሃያ እሸጣለሁ እያሰቡ ሠላሳ ብሎ መጥራት ለእነርሱ ሐሰት ነበር። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዋጋ ጠርተው ክርክር አቆሙ። ፎክስ በማስታወሻው እንደሚተርከው በመጀመሪያ ደንበኛ ሸሻቸው፤ በኋላ ግን ሰዎች ልጅ ቢልኩ እንኳ እንደ አዋቂ እንደሚስተናገድ ሲያዩ ወደ እነርሱ መጉረፍ ጀመሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዕቃ ላይ የምናየው የተለጠፈ ዋጋ ከብዙ ምንጮች የመጣ ነው፤ አንዱ ግን ይህ የእምነት ምስክርነት ነው።

የእኛን ክርክር ግን ሐሰት ነው ብዬ ለመደምደም አልችልም። ኩዌከሮቹን የምወዳቸው ቢሆንም በአንድ ነገር አልስማማም። በገበያችን የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ ሁለቱም ወገን ሲያውቅ፣ መጥራቱ የመሐላ ቃል ሳይሆን የንግግር መክፈቻ ነው። በዘፍጥረት 23 ኤፍሮን ለአብርሃም እርሻውን በነጻ ውሰድ ይላል፤ ከዚያ በእኔና በአንተ መካከል ምንድር ነው እያለ 400 ሰቅል ይጠራል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ምን ማብራሪያ ይሻል? አብርሃምም ሳይከራከር፣ እንግዳና መጻተኛ መሆኑን ተናግሮ፣ በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት በነጋዴዎች ዘንድ በሚሠራበት ሚዛን መዝኖ ከፈለ። ክርክር ሐሰት የሚሆነው አንዱ ወገን ጨዋታውን ሳያውቀው ሲቀር ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የጋሼን ጨዋታ ያውቃል። ከጄልዱ የመጣው ሰውም ስለ ድንችና ስለ ገብስ ቢሆን ጋሼን ያስተምራቸው ነበር፤ ስለ ጨርቅ ግን አያውቅም። ጋሼም ከፍ አድርገው የጀመሩት አለማወቁን ስላወቁ ነው።

ከወራት በኋላ ወደ ጋሼ ሱቅ ተመልሼ ይህን ሁሉ ባይሆንም ዋናውን ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ደብተራቸውን አወጡና አንድ ነገር አሳዩኝ። ለሱሪ የሚሆን ጨርቅ በዚያው ዓመት ከእርሳቸው ገዝቼ ነበር፤ ለአገልጋይ ተብሎ ከመጣበት በታች በሆነ ዋጋ። «እርስዎ ያጎደሉትን ማን የሞላው ይመስልዎታል?» አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሒሳብ ጥያቄ ነበር። የአንድ ሱቅ ትርፍ ከአንድ ኪስ ይወጣል፤ እኔ ያልከፈልሁትን ዋጋ የማያውቀው ሰው ከፍሎታል። ያዕቆብ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው ስለሚሰጥ ወንበር ሲናገር ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! ለመጋቢ ስለሚሰጥ ቅናሽ ግን አንድ ቀን አንሥቼ አላውቅም።

ሒሳቤን ልክፈል ብል አይቀበሉም ነበር፤ የሰጡትን ስጦታ መመለስ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ስለዚህ የተስማማነው በዚህ ነው፦ ከዚያ ወዲህ ስገዛ ለሌላው ሰው የሚጠሩትን ነግረውኝ ያንኑ እከፍላለሁ፤ ለአገልጋይ መስጠት ሲወዱም ከትርፋቸው እንጂ ከጣቃው ዋጋ ላይ አይሁን። እርሳቸው በበኩላቸው በአንዳንዱ ጣቃ ላይ ዋጋ ለጠፉ። በሁሉም ላይ አይደለም። «የገጠሩ ሰው ካላስቀነሰ የተሸነፈ ይመስለዋል፤ ጎረቤቴ ጋ ይሄዳል» ይላሉ፤ በዚህም እውነት አላቸው። ከሩቅ ለመጣ ሰው ሜትሩን ከለኩ በኋላ አንድ ስንዝር ምራቂ ይጨምራሉ። ዋጋ ባልለጠፉባቸው ጣቃዎች ላይ ክርክሩ እንደ ቀድሞው ነው፤ ከየት እንደሚጀምሩ ግን ባለፈው ስንገናኝ አልጠየቅኋቸውም።